ለሐምሌ ገብርኤል ሀዋሳ፦ ስድስት ሆነን የት እንረፍ?

የናሆም እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቹ ትምህርት ስለዘጉ ቤተሰቡን ይዘን ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ልንወርድ አስበናል። ሐምሌ 17 ገብተን 20 እንመለሳለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና ሦስት ልጆች ነን። ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፣ ተከታዩ 7፣ ትንሿ ገና ሁለት አልሞላትም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ መውጣት ይከብዳታል። ወንዶቹ ደግሞ ከአሁኑ ዋና ዋና እያሉ ነው።

ሦስት ቦታ አይቻለሁ። አንዱ ሐይቁ ዳር ነው፤ ግቢው ዛፍ በዛፍ ነው። ስደውል «ፋሚሊ ሩም አለን፣ ስድስታችሁንም ይይዛል» አሉኝ። ሁለተኛው መሀል ከተማ ያለ አዲስ ፎቅ ነው። ሊፍትና መዋኛ ገንዳ አለው፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። ሦስተኛው በቴሌግራም ያገኘሁት ባለ ሦስት መኝታ አፓርትመንት ነው። ዋጋው የሆቴሉን ግማሽ አይሞላም፤ ግን ሙሉ ክፍያውን ቀድማችሁ ላኩ ይላሉ። ባለቤቴ ወደዚህኛው አዘንብሏል። እኔ ልቤ አልወደደውም። ምን ትላላችሁ?

አቤል ዘ22፦

ብሩን የምትልኩት በማን ስም ነው? በግለሰብ አካውንት ከሆነ በፍጹም እንዳትልኩ። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ እንዲሁ ለሌላ ከተማ ከፍሎ፣ ቤተሰቡን ጭኖ ሲደርስ ስልኩ ዝግ ሆነበት። ፎቶው የሌላ ሰው ቤት ነበር። ሀዋሳ ዘመድ ካላችሁ ሄዶ በሩን ከፍቶ ይይላችሁ። ከሌላችሁ ተዉት።

የሐይቅ ዳሯ፦

የናሆም እናት፣ እንኳን በደህና ትመጡ። እኔ ሀዋሳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይም ለዓመታት ሠርቻለሁ። ደዋይ የማይጠይቀውን ነገር ስለማውቀው ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ቀኑን እይው። ሐምሌ 19 ገብርኤል ነው። የሐምሌና የታኅሣሥ ገብርኤል ሀዋሳ ላይ ከየአቅጣጫው ሰው የሚጎርፍበት ቀን ነው። አልጋ ይጠፋል፤ ዋጋም ይጨምራል። ለመዝናናት ብቻ ከሆነ ወደ ወሩ መጨረሻ ግፊው።

«ፋሚሊ ሩም» የሚለውን ስም ደግሞ አትመኚው። አንዱ ጋ ሁለት መኝታ ቤት ማለት ነው። ሌላው ጋ አንድ ትልቅ አልጋና የሚዘረጋ ሶፋ። ስልክ ላይ መጠየቅ ያለብሽ «ስንት አልጋ አለው? ስንት መታጠቢያ ቤት አለው?» ብለሽ ነው። ስድስት ሰው በአንድ ክፍል ይይዛል ያለሽ ሰው መሬት ላይ ፍራሽ ሊያነጥፍልሽ አስቦ ይሆናል። ለእናንተ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች ይሻላሉ፤ በመሀል በር የሚገናኙ ከተገኙማ እሰየው። አንዱ ለናንተና ለሕፃኗ፣ ሌላው ለእማማና ለወንዶቹ። ሁለቱ ክፍል በዋጋ ከፋሚሊ ሩሙ ብዙም የማይበልጥበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ሁለቱንም ዋጋ ጠይቂ።

አሁን ስለ ሊፍቱ። «ሊፍት አለ» ሲሉሽ እሺ ብለሽ ስልኩን አትዝጊ። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ በጄኔሬተር ይሠራል ወይ? ጄኔሬተሩ መብራትና ማብሰያ ቤቱን ብቻ የሚይዝበት ሆቴል አለ። ያኔ እናትሽ አራተኛ ፎቅ ላይ ቀሩ ማለት ነው። ምድር ቤት፣ ካልሆነም አንደኛ ፎቅ ያዢ፤ ከዚያ በላይ እሺ እንዳትዪ። ጄኔሬተሩ የቆመው በየትኛው በኩል እንደሆነም ጠይቂና ከሱ ራቅ ያለውን ክፍል ምረጪ። አዳራሽ ካላቸው ደግሞ በዚያ ሰሞን ሰርግ እንዳለ አጣሪ። ከሐዋርያት ጾም በኋላ ፍልሰታ እስኪገባ ሰርግ አይጠፋም፤ ሙዚቃው እስከ ሌሊት ነው።

ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ እንዳይገቡ አደራ። ቢልሃርዚያም ጉማሬም አለበት። ሐይቅ ውስጥ ለመዋኘት ላንጋኖ ነው። እዚህ ገንዳ ነው የሚያዋጣቸው። ገንዳው አሁን ውኃ አለው ወይ? የልጆች ጥልቀት አለው? ላደረ እንግዳ ነፃ ነው ወይስ ይከፈልበታል? ይህንን ሁሉ ጠይቂ።

ዋጋውንም በደንብ አጣሪ። «4,000 ፕላስ ፕላስ» ካሉሽ 4,000 አይደለም። ሰርቪስ 10 ፐርሰንት ሲጨመር 4,400 ይሆናል፣ በዚያ ላይ ቫት 15 ፐርሰንት ሲገባ 5,060። ለሁለት ክፍል ለሦስት ሌሊት ልዩነቱ 6,360 ብር ነው። ቀለል ያለ የመሰለሽ ሆቴል ምናልባት ፕላስ ፕላሱን ሳይነግርሽ ይሆናል።

የናሆም እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፤ ባለቤቴም አንብቦ አፓርትመንቱን ትቶታል። ቀኑን ግን መግፋት አልችልም። የእናቴ ስለት ነው። ናሆም ሲታመም የተሳለችው ነው፤ ዘንድሮ ካላደረሰች ዕረፍት የላትም። ዋናው የመንገዳችን ምክንያት እሱ ነው።

የሐይቅ ዳሯ፦

እንዲህማ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ያድርስላችሁ። በክብረ በዓሉ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ መኪና እንደልብ አይገባም፤ ሰዉ በእግሩ ነው። ከሐይቅ ዳር እስከ ገብርኤል ደግሞ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ቅርብ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦ 17፣ 18 እና 19ን ለቤተ ክርስቲያኑ በሚቀርበው በከተማው ሆቴል እደሩ። ከቻላችሁ አንድ ሌሊት ጨምሩና 20ን ሐይቅ ዳር። 19 ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እንግዳው ወደየመጣበት ይበተናል፤ ያኔ ሐይቅ ዳሩ ላይ ዋጋ መደራደርም ትችያለሽ። ልጆቹም ግቢውን ይሮጡበታል።

የከተማውን ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ ያዢ። ቀብድ ስትከፍዪ በድርጅቱ ስም ባለው አካውንት ይሁን፤ ደረሰኝ ተቀበዪ። ከዚያ የተስማማችሁበትን ሁሉ በቴሌግራም ጻፊላቸው፦ ስንተኛ ፎቅ፣ ስንት አልጋ፣ ቁርስ ለስንት ሰው፣ ጠቅላላ ዋጋው ከነቫቱ፣ ብንቀር ብሩ ይመለሳል ወይ። «አዎ» ብለው ይመልሱልሽ። የበዓል ሰሞን አንድ ክፍል ለሁለት ሰው የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ መቀበያው ላይ ስትቆሚ የሚጠቅምሽ ያ ጽሑፍ ነው።

ጋሽ ታዬ፦

ልጄ፣ የቁርሱን ነገር እኔ ልጨምርልሽ። እናትሽ ቅዳሴ አስቀድሰው ሲመለሱ የሆቴሉ ቁርስ ተነስቶ ይጠብቃቸዋል። ከፍላችሁበት ሳለ ጾማቸውን እንዳይውሉ፣ ቁርሳቸውን በምሳ እንዲለውጡላቸው አስቀድመሽ ተነጋገሪ። እሺ ይላሉ፤ ለእኔ ባለቤት አድርገውላታል። ልጆቹን ጠዋት አሞራ ገደል ውሰዷቸው፤ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ይዘው ሲወጡ ያያሉ። ከአዲስ አበባም በማለዳ ውጡ። 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባቱ ላይ አረፍ ብላችሁ ዓሣ ብሉ፤ ማረፉ ለእናትሽም ጉልበት ጥሩ ነው።

የናሆም እናት፦

የከተማውን ሆቴል ደወልኩ። የፈራሽው ልክ ነው፤ ሊፍቱ በጄኔሬተር አይሠራም። ምድር ቤት ክፍል የላቸውም። አንደኛ ፎቅ ላይ ግን ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ይዘውልኛል፣ አንዱ ሁለት አልጋ ያለው ነው። ደረጃውን ስንት ነው ብዬ አስቆጠርኳቸው፤ 14 ነው፣ መደገፊያም አለው። እናቴ «እሱንማ ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ» አለች። የእሷን ቁርስ በምሳ ሊለውጡላት ተስማምተዋል። የሕፃን አልጋ ግን የለንም አሉኝ።

የሐይቅ ዳሯ፦

የሕፃን አልጋው አያሳስብሽ፤ የናንተን አልጋ ግድግዳ አስጠግተው ያዘጋጁልሽ በያቸው፣ ያደርጉታል። አጎበር ግን ከቤትሽ ይዘሽ ነይ፤ ወባ አለ፣ የሆቴል አጎበር አንዳንዴ የተቀደደ ነው። ሐይቅ ዳር ስትገቡ ደግሞ የበረንዳውን በር ክፍት አትተዉ። ጦጣዎቹ ገብተው የልጅቷን ሙዝ ከእጇ ነው የሚነጥቋት።