አዲስ ስኩተር፦ ፓውዛው ሲበራ ባትሪው አይሞላም

ስኩተሩ 125 ሲሲ፣ ባትሪው 12 ቮልት 6 አምፔር ሰዓት ነው። ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ በማታ ለመንዳት ሁለት ባለ 15 ዋት ኤልኢዲ ፓውዛ በሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እና በ5 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ገጠምኩ። ፓውዛው ጠፍቶ ሞተሩ በደቂቃ 4000 ዙር ሲዞር ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት አነባለሁ፤ ሲበራ 12.3 ላይ ይቀራል፣ ሚኒሞ ላይማ (ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ ሲሠራ) ከፍሬቻው ጋር አብሮ ይርገበገባል። ማሳው (ወደ ፍሬሙ የሚሄደው የመመለሻ ሽቦ) የታሰረው የፍሬሙ ቀለም ተፍቆ ነው፤ ሽቦው ላይ የሚጠፋው 0.1 ቮልት ብቻ ስለሆነ ጥፋቱ እዚያ አይደለም። ሬጉሌተር (ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው ክፍል) ብቀይርም ለውጥ የለም።

የስታተሩ (ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫው የሚለዋወጥ ጅረት የሚያመነጨው የማይዞር ክፍል) ጥቅል አንድ ጫፍ ከፍሬሙ ጋር ተያይዟል፤ ስለዚህ ባትሪውን የሚሞላው የሞገዱ ግማሽ ብቻ ነው። የፊት መብራቱም ከዚሁ ጥቅል በቀጥታ በኤሲ ይሠራል። ያንን ጫፍ ከፍሬሙ ለይቼ፣ የፊት መብራቱን ወደ ባትሪ አዙሬ የሙሉ ሞገድ ሬጉሌተር ብገጥም፣ የፋብሪካው ጥቅል ከመጠን በላይ ሳይግል ይችለዋል ወይስ በወፍራም ሽቦ እንደገና መጠቅለል አለበት?