ልጅን በክትባት ሙከራ ስለማስመዝገብ፦ ለእህታችን ጥያቄ ከደሴ የተጻፈ መልስ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

አሜሪካ ውስጥ የ7 ዓመት ሴት ልጇን በአንድ የክትባት ሙከራ እንድታስመዘግብ የተጠየቀችው እህታችን «ልፈርም ወይስ ልተወው?» ብላ ያቀረበችውን ጥያቄ ያነበብኩት ደሴ፣ ሆጤ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ቡና ተፈልቶ ስለነበር ለተሰበሰቡት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። እናቴ «ልጅ መሞከሪያ ይሆናል እንዴ? ከፈለጉ በራሳቸው ይሞክሩት» አለች። ብዙ ዘመን በነርስነት አገልግለው ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ግን «እዚህ ጤና ጣቢያ ልጆቻችን የሚከተቡት ሁሉ አስቀድሞ በሌላ ሰው ልጅ ተሞክሮ ነው የደረሰልን፤ ያም ልጅ እናት ነበረችው» ሲሉ መለሱላት። ክርክሩ ከአቦል እስከ በረካ ዘለቀ። እኔ ሁለቱንም ስሜት በራሴ ላይ ስላየሁት የማውቀውን ላካፍል።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ፣ በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ ያለ አንድ ክሊኒክ ያን ጊዜ 9 ዓመቱ የነበረውን ልጄን በኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሙከራ እንዳስገባው ጠየቀኝ። ቅጹ ከ20 ገጽ በላይ ነበር፤ የተሰጠኝም ልጁ ተመርምሮ ካበቃ በኋላ፣ ለመውጣት ስነሳ ነው። አስተርጓሚ አልነበረም። የ12 ዓመት እህቱ አንዳንዱን መስመር ስታስረዳኝ፣ ልጆቹ በዕጣ ለሁለት ቡድን፣ አዲሱን ክትባት ለሚወስድና ለማይወስድ፣ እንደሚመደቡ የሚገልጸውን ክፍል «ሎተሪ ነው» ብላ ተረጎመችልኝ፤ በልጄ ጤና ዕጣ ሊጥሉ ነው ብዬ ቅጹን መልሼ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ግን በጣም ያስጨነቀኝ መርፌው አልነበረም። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያችን ገና ስላላለቀ፣ እምቢ ማለቴ በሆነ መዝገብ ላይ ይጻፍብን ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ይህን ፍርሃት ብዙዎቻችን በሆዳችን ይዘን አፍ አውጥተን አንናገረውም። ስለዚህ በግልጽ ልበለው፦ በሕክምና ሙከራ መሳተፍ በፈቃድ ብቻ ነው፤ ወላጅ እምቢ ቢል የልጁ መደበኛ ሕክምና ሊጓደል አይገባም፤ አለመሳተፍም ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የእናቴን ፍርሃት አላዋቂነት ነው የሚል ሰው ቢመጣ አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1996 በናይጄሪያ ካኖ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በበረታበት ወቅት፣ 200 ሕፃናት በአንድ አዲስ መድኃኒት ጥናት ውስጥ ገብተው ነበር፤ ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ ነባሩን መድኃኒት ወሰዱ፤ ከእነዚህም 11 ሕፃናት ሞቱ። ከሞቱት 5ቱ አዲሱን፣ 6ቱ ነባሩን የወሰዱ ስለነበሩ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ ነገር አይናገርም። ወላጆቹ ለዓመታት ፍርድ ቤት የተመላለሱት ልጆቻቸው በጥናት ውስጥ መግባታቸው በሚገባ አልተነገረንም ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባትን ለወራት ስታቆም ይህ ትዝታ ካባባሱት ምክንያቶች አንዱ ነበር፤ ከዚያ አካባቢ የተነሣው ቫይረስም አገር ከአገር ተሻግሮ፣ በሱዳን በኩል ኢትዮጵያ ድረስ ደርሷል። ለአንድ ወላጅ ያልተነገረ እውነት የስንት አገር ልጆችን እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የጎረቤታችንም ነገር ግን እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የፖሊዮ ክትባት ሲፈተሽ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ልጆች ተሳትፈዋል። ከደሴ ወደ ባቲ የወረደ ሁሉ የሚፈራውን ወባ ለመከላከል የተሠራው የመጀመሪያው ክትባትም በሰባት የአፍሪካ አገሮች ከ15,000 በላይ ሕፃናት ላይ ከተፈተሸ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት እንዲሰጥ የመከረው። «ዕጣው ካልደረሳት ልጄ ባዶ መርፌ ልትወጋ ነው ወይ?» የሚለው የእህታችን ጥያቄም እዚህ ላይ ከፊል መልስ ያገኛል፦ በዚያ የወባ ጥናት ዕጣው ያልደረሳቸው ልጆች ጥቅም ያለው ሌላ ክትባት፣ ከፍ ያሉት የእብድ ውሻ በሽታ፣ ጨቅላዎቹ የማጅራት ገትር ክትባት ተሰጥቷቸዋል። በሌሎች ጥናቶች ደግሞ በእርግጥ መድኃኒት የሌለው መርፌ ይሰጣል። የትኛው እንደሆነ ቅጹ ላይ መጻፍ ስላለበት ጠይቃ ማረጋገጥ ትችላለች።

በአዋቂ ተሞክሮ ለልጅ መስጠት አይበቃም ወይ ለሚለው ደግሞ የኮሮናን ጊዜ ማስታወስ ይበቃል። የፋይዘር ክትባት 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው 30 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ከ5 እስከ 11 ዓመት ላሉት የተፈቀደው 10 ብቻ ነው። ሲሶው እንደሚበቃ የታወቀው በልጆች ላይ በተደረገ ጥናት ነው፤ ያም ቢሆን የተጀመረው በአዋቂዎች ከተፈተሸ በኋላ፣ ከትልልቆቹ ልጆች ወደ ትንንሾቹ እየወረደ ነው።

አንዲት እናት ከመፈረሟ በፊት ልታጣራው ከሚገባት ሁሉ እኔ የማስቀድመው ቋንቋን ነው። ቅጹን ወደ ቤት ወስዳ የምታነብበት ጊዜና አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ትጠይቅ፤ ልጇን በፍጹም አስተርጓሚ አታድርጋት። ከዚያ ክትባቱ እስካሁን በስንት ልጆች ላይ እንደተሰጠና ምን እንደታየ፣ ደም ስንት ጊዜ እንደሚቀዳ፣ ትኩሳት ሌሊት ቢነሣ የሚያነሣው ስልክ የማን እንደሆነ ትጠይቅ። አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ በአሜሪካ ሕጉ ከቀላል በላይ አደጋ ባለው ጥናት ጉዳት ቢደርስ ሕክምና ወይም ካሳ ይኖር እንደሆነ ቅጹ እንዲገልጽ ያስገድዳል እንጂ፣ ካሳው እንዲከፈል በራሱ አያስገድድም። ያንን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ታንብበው። ለትራንስፖርት የሚሰጠው ገንዘብ ግን ለውሳኔዋ ምክንያት ባይሆን እመርጣለሁ።

እኔ በሁለተኛው ዓመት በሌላ ክሊኒክ ተጠይቄ ፈረምኩ። በስልክ የምታስረዳ የጎንደር ልጅ አስተርጓሚ አገኙልኝ፤ እያንዳንዱን ገጽ በአማርኛ ሰማሁት፣ አምስት ቀንም አሰብኩበት። ደሴ ደውዬ ለእናቴ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በወሎ ክርስቲያኑም እስላሙም ለልጁ አንገት ክታብ ሲያስር የኖረ ነው፤ ክታብና ክትባት ከአንድ ቃል፣ ከ«ከተበ» የወጡ መሆናቸውን ያነሣችልኝ ያን ዕለት እሷ ናት፣ «ክታቡንም ለልጅ የምናስረው ጻፊውን አውቀን ነው» ብላ።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ7 ዓመት ጀምሮ ልጁ ራሱ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ፈቃዱ ስለሚጠየቅ፣ የእህታችንም ልጅ መጠየቋ አይቀርም። የእኔ ልጅ መጀመሪያ እሺ አለ፤ መርፌውን ወሰደ፣ ክንዱ ሁለት ቀን አመመው። በሦስተኛው የደም ቀጠሮ ግን እጁን ደብቆ «አልፈልግም» አለ። ነርሷ መርፌውን አስቀመጠች፣ ከጥናቱ መውጣቱን መዘገበች፣ እስከዚያ ድረስ የተሰበሰበው መረጃ እንደሚቀመጥ አስረዳችኝ። እስከ ዛሬም ሐኪሙ ጋ የሚሄደው እዚያው ክሊኒክ ነው።