ጀርመን ለምትሄዱ የባህር ዳር ልጆች፦ ሳይክልና ቀይ መብራት

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባህር ዳር ነው። ለማስተርስ የጀርመን ቪዛ ወጥቶልኝ ለጥቅምት እሄዳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ሳይክል ተንቀሳቅሼ አላውቅም፤ እዚያም ያገለገለ ልገዛ አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ግን «እዚያ በሳይክልም ትቀጫለሽ» አለችኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ጓደኛሽ እውነቷን ነው፤ እኔ ራሴ ተቀጥቻለሁ።

የመጀመሪያው ዓመቴ ነበር። ኅዳር ላይ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ወደ ሥራ ስሄድ መስቀለኛው መንገድ ጭር ብሏል። መብራቱ ቀይ ነው፤ ጥሼ አለፍኩ። ጥግ ላይ የቆመውን የፖሊስ መኪና ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። መታወቂያዬን አይተው፣ መዝግበው ለቀቁኝ። በምክር ያለፉኝ መስሎኝ ረሳሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢጫ ፖስታ መጣ፦ 100 ዩሮ ቅጣት፣ 28 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ተጨማሪ ክፍያ፣ በዚያ ላይ ፍሌንስቡርግ ከተማ ባለው የትራፊክ ጥፋት መዝገብ 1 የቅጣት ነጥብ። ያኔ መንጃ ፈቃድ እንኳ አልነበረኝም። ቀዩ ከበራ አንድ ሰከንድ ካልሞላው ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው፤ ካለፈው 100።

ፖስታውን በደንብ እዪው። ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን ላዩ ላይ ይጽፍበታል፤ መቃወም ከፈለግሽ ከዚያች ቀን ጀምሮ ያለሽ 2 ሳምንት ብቻ ነው። ጀርመንኛው ከበደኝ ብለሽ እንዳታስቀምጪው፣ አደራ።

መብራቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሳይክል ምስል ያለበት መብራት ካለ የሚመለከትሽ እሱ ነው። ከሌለ የመኪናውን ትከተያለሽ፤ የእግረኛው አረንጓዴ ስለበራ ብቻ መንገድ ላይ እየነዱ ማለፍ አይቻልም። ስልክ ይዞ መንዳት 55 ዩሮ ነው። እንደ እኛ አገር ጓደኛን ከኋላ ማፈናጠጥም በተራ ሳይክል ክልክል ነው።

አሁን ለእረፍት እናቴ ጋ፣ እዚሁ ባህር ዳር ነኝ። ዛሬ ጠዋት በዘንባባው መንገድ ስሄድ ትራፊኩ እጁን ዘርግቶ መኪናውንም ባጃጁንም አስቁሟል። አንድ ልጅ ታናሽ እህቱን አፈናጦ በመሃል ሹልክ ብሎ አለፈ። ልጅቷ በአንድ እጇ የወንድሟን ሸሚዝ ጨብጣለች፣ በሌላው የደብተር ቦርሳዋን አቅፋለች። ትራፊኩ ዞር ብሎም አላያቸው። ወዲያው አንድ የጭነት መኪና ክርናቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አልፏቸው ሄደ፤ እሱንም ማንም ምንም አላለው። ልቤ ቀጥ አለ።

ጀርመን ውስጥ መኪና ሳይክል ሲቀድም ከተማ ውስጥ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር መራቅ አለበት። እኔን 100 ዩሮ ያስከፈለኝ ሕግ ያን የጭነት መኪናም ከእኔ የሚያርቀው ነው። ስለዚህ ቅጣቱን ከከፈልኩ በኋላ አልተቆጣሁም። በ2016 ግንቦት የተከፈተው 380 ሜትሩ የአባይ ድልድያችን ለሳይክል የተለየ መስመር ስላለው በጣም ደስ ብሎኛል። ዘንባባው ሥር ግን ያ ልጅ የሚጠብቀው የለውም፤ የሚቆጣጠረውም የለም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መብራቱ አልለቅ ካለኝስ? የሳይክል መብራትስ ከዚህ ገዝቼ ልምጣ?

መልስ፦ አንዳንዱ ቦታ ምሰሶው ላይ የሚነካ ሳጥን አለ፣ እሱን ፈልጊ። ከሌለ ወርደሽ ሳይክሉን እየገፋሽ በዜብራው ተሻገሪ፤ ያኔ እንደ እግረኛ ነሽ፣ የእግረኛውን አረንጓዴ ጠብቂ። የሳይክል መብራቱን ከዚህ አትግዢ። እዚያ ሕጋዊ የሚሆነው እንደ ሞገድ ከተጠማዘዘ መስመር ጋር «ኬ» (K) የምትለው የላቲን ፊደልና ቁጥር የታተመበት ነው፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ። ጥቅምት ላይ ቶሎ ይመሻል፣ በደረስሽበት ሳምንት ግዢው።