አያት አካባቢ በገበያ ማዕከል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሱቅ መከራየት ያዋጣል?

የልጆች ልብስ ነጋዴ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። ከአያት የባቡር ፌርማታ ብዙም በማይርቅ አዲስ የገበያ ማዕከል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ እንዳለ ደላላ ጠቁሞኝ አይቼዋለሁ። የካሬ ሜትር ኪራዩ ከምድር ቤቱ ግማሽ አይሞላም፤ ይሁን እንጂ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ፣ ፎቁም አብዛኛው ባዶ ነው። ቦሌ ላይ እነ ኤድና ሞል በደመቁበት ዘመን ሰው እስከ ላይኛው ፎቅ ይወጣ ነበር። በእኛ አካባቢ ግን ይህን ያህል ሕዝብ ሰፍሮም ሕንፃዎቹ ከአንደኛ ፎቅ በላይ ጭር የሚሉት ለምን ይሆን?

ቀድሞ የሕንፃ አስተዳዳሪ የነበረ፦
ኤድና ሞልን ከጠቀሱ አይቀር፣ ሰውን ወደ ላይ የሚስበው ሲኒማውና የልጆች መጫወቻው እንደነበር ያስታውሱ፤ ሱቆቹ የሚጠቀሙት ለፊልም ወይም ልጅ ለማጫወት ከመጣው ሰው ነበር። ዳር ዳሩን የሚሠሩት ሕንፃዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ነገር አልታሰበላቸውም። ባለቤቱ ምድር ቤቱን በጥሩ ዋጋ ለባንክ ቅርንጫፍ ያከራያል፤ የባንኩ ደንበኛ ጉዳዩን ጨርሶ ይሄዳል እንጂ ደረጃ አይወጣም። የቀረው ለመጣው ሁሉ ስለሚሰጥ ጫማ ቤቱ ከሕግ ቢሮ፣ ሕግ ቢሮው ከውበት ሳሎን ጋር ይጎራበታል። ክፍሎቹ ለየግለሰቡ የተሸጡበት ሕንፃ ከሆነማ ማን ምን ይክፈት የሚል ተቆጣጣሪም የለ። ስለዚህ ከኪራዩ በፊት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ማን እንደሚገባ ይጠይቁ። የሕፃናት ክሊኒክ ወይም መዋዕለ ሕፃናት ከሆነ ለእርስዎ ዕቃ ከዚያ የተሻለ ጎረቤት አይገኝም።

የሲኤምሲ ነዋሪ፦
በተባለው ብስማማም ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። የዚህ አካባቢ ሠራተኛ ማልዶ ወደ መሀል ከተማ ሄዶ ሲመሽ የሚመለስ ነው፤ መገናኛ ላይ ታክሲ ሲቀይር እነ ዘፍመሽ የገበያ ማዕከል ከፊቱ ስላሉ የሚፈልገውን እዚያው ገዝቶ ይመጣል። በ2008 ሥራ የጀመረው ባቡርም መንገዱን መሀል ለመሀል ከፍሎታል። እግረኛ የሚሻገረው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ስለሆነ፣ ከመሻገሪያ የራቀ ሕንፃ በማዶ ያለውን ሰፈር እንደሌለ ይቁጠረው። እባክዎ ሕንፃውን ደላላው በሚወስድዎ ሰዓት ሳይሆን በሥራ ቀን ምሽትና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዩት።

በቴሌግራም የምትሸጥ፦
እኔም ልብስ ነው የምሸጠው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ልብስ ዋጋው ስለናረ ገዢው መርጦና አወዳድሮ ነው የሚገዛው፤ የሚያወዳድረውም ስልኩ ላይ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተከራየሁት ክፍል በአብዛኛው መጋዘን ሆኖ ያገለግለኛል፤ ደንበኛ ለመለካት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሌላው በሞተረኛ ይላክለታል። ለዚህ ሥራ ርካሽ ፎቅ ይበቃል። አላፊ አግዳሚ ጎራ ብሎ እንዲገዛዎ ከሆነ ሐሳብዎ ግን ኮንዶሚኒየሟን አይልቀቁ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ባለቤቱን ስለ ሦስተኛው ፎቅ ብጠይቃቸው «ገና ነው» አሉኝ። የቅድሚያ ክፍያውን በተመለከተ፣ ከሁለት ወር በላይ መጠየቅን የሚከለክል አዋጅ ወጥቷል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔን ይመለከተኛል?

ቀድሞ የሕንፃ አስተዳዳሪ የነበረ፦
አይመለከትዎትም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይን ብቻ ነው የሚገዛው፤ የንግድ ቤት በስምምነት ነው። ነገር ግን ባዶ ፎቅ ይዞ የተቀመጠ ባለቤት ስድስቱን ወር ወደ ሦስት ማውረዱ አይቀርም። የኪራይ ጭማሪው በስንት ጊዜና በምን ያህል እንደሚሆን፣ የጄኔሬተር ነዳጅና የጥበቃ ወጪ በማን እንደሚሸፈን፣ የመብራት ቆጣሪውም የብቻ ይሁን የጋራ ውሉ ላይ ያስጽፉ። «ገና ነው» ያሉትን ፎቅ በተመለከተ ደግሞ፣ ተከራዩ እስኪታወቅ ድረስ ውሉን ባይፈርሙ እመርጣለሁ።