«ክፉ ዓይን» ቡዳ ነው እንዴ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለቤቱ። የአሜሪካዊውን ደራሲ የኤድጋር አላን ፖን አንድ አጭር ልብ ወለድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፤ የ1843ቱን (እ.ኤ.አ.) «The Tell-Tale Heart»፣ ልብ ከወለል ሥር የሚመታበትን። ተራኪው ገድሎ ከወለል ሥር የቀበረውን ሽማግሌ እወደው ነበር ይላል። አልበደለኝም፣ ገንዘቡንም አልከጀልኩም ይላል። የጠላው ዓይኑን ነው፤ ስስ ሞራ የለበሰ፣ የጥንብ አንሳ የመሰለ ሰማያዊ ዓይን። «ክፉ ዓይን» ብሎም ይጠራዋል። «ቡዳ» ብዬ ልገላገል? ወይስ «ዓይነ ጥላ»?

መልስ፦ እህቴ፣ ዓይነ ጥላን ተዪው። እሱ ሰው ላይ አርፎ ዕድል ይዘጋል የሚባል መንፈስ ነው። ቡዳ ይቀርባል፤ ግን ታሪኩን ይገለብጥብሻል። «ቡዳ በላው» ስንል ጥፋቱ የተመልካቹ ነው፣ ተጎጂው የታየው። አንባቢሽ ቃሉን ሲያይ ለገዳዩ ሰበብ ያገኝለታል። ሽማግሌው ግን ምን አደረገ? ሰባት ሌሊት ገዳዩ በሩን ገርበብ አድርጎ ፋኖስ ሲያበራበት ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል። አፍጥጦ የሚያየው ገዳዩ ነው። እንግዲህ በላተኛው ማን ሆነ? (ደግሞ በዚህ ስም ስንት ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ተገፍቷል። እኔ ለዚሁ ስል ብቻ እንኳ አልጽፈውም።) «ክፉ ዓይን» ብለሽ እለፊው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ርእሱስ? «ተናጋሪ ልብ» ብዬው ቀዘቀዘብኝ።

ሌላ መልስ፦ «አሳባቂ ልብ»! ቆንጠጥ ያደርጋል።

መልስ፦ ለጆሮ ይጥማል፣ ግን ይፈርዳል። አሳባቂ የሰው ጉድ ነው የሚያወራ። የራሱን ያወጣ ሰው አሳባቂ አይባልም፤ ተናዘዘ ነው የሚባል። እዚያ ቤት የሚመታው ልብ የማን ነው? የሟቹ? የገዳዩ የራሱ? ቤቱን ሊፈትሹ የመጡት ሦስቱ ፖሊሶች ምንም የሰሙ አይመስሉም፤ ወሬያቸውን ይዘዋል። በእኛ አማርኛ ደግሞ ልብ ሥጋ ብቻ አይደለም። ልብ ገዛ፣ ልብ አለ፣ ልቡ አወቀ እንላለን። እብድ አይደለሁም እያለ የሚሟገት ሰው ልብ ሲያጋልጠው፣ የእኛ አንባቢ አእምሮውንም አብሮ ይሰማል። ይሄ ትርፍ ነው፣ አታባክኚው። «ገመና አውጪ ልብ» ብትዪስ? ገመና የራስም የሰውም ይሆናል።

ጠያቂ፦ ወደድኩት። መጨረሻው ላይ ገዳዩ ሲጮህ ግን «ልቡ» ነው የሚለው።

መልስ፦ እዚያ «ልቡ» በይ። ገዳዩ የሽማግሌው ነው ብሎ ያምናላ። ርእሱ ላይ ግን የማን እንደሆነ አትንገሪብን።