የኅዳር ሚካኤል ዓርብ ሲውል የጽዋ ድግስ እንዴት ይሰናዳ?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። የኅዳር ሚካኤል ጽዋ ተረኛ ዘንድሮ እናቴ ናት፤ እርሷ ስለ ደከመች ኩታበር ገጠር በሚገኘው ቤታችን ድግሱን የማሰናዳው እኔ ነኝ። በየዓመቱ በግ ታርዶ፣ ዶሮ ተሠርቶ ለምደናል፤ በ2018 ዓ.ም. ግን ኅዳር 12 ዓርብ ላይ ስለሚውል ግራ ገብቶኛል። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ፣ የአባቴ ወንድምም ከነቤተሰቡ፣ ሙስሊሞች ናቸው፤ ለእነርሱስ ምን ይቅረብ? ጠላውስ መቼ ይጠንሰስ?

መልስ፦ ከደሴ

እኅቴ፣ ከበዓለ ሃምሳ ውጭ ዓርብ የሚፈሰከው ልደት ወይም ጥምቀት ሲውልበት ብቻ ስለሆነ ለሚካኤል ተብሎ አይፈሰክም፤ የዕለቱ ጸበል ጻዲቅ በጾም ምግብ ይሁን። ሆኖም ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ሰኞ ነውና ቅዳሜና እሑድ የፍስክ ቀናት ናቸው። ከሩቅ የመጣ ዘመድ የሚያድር ከሆነ ሥጋውን ቅዳሜ አድርጉት፤ እሑድ ቅበላ በመሆኑ ሰው ሁሉ በየቤቱ ስለሚሆን እንግዳ አታገኙም። የተረፈ ወጥ ለሰኞ እንደማይሆንም አስባችሁ መጠኑን ቀነስ አድርጉት።

መልስ፦ ከሐይቅ

ልጄ፣ የጾም ድግስ አነሰ ብለሽ አትጨነቂ። ምስሩ፣ ክኩ፣ ሽሮውና ጎመኑ ያው የምታውቂው ነው፤ እንግዳ ቢያጣው ቅር የሚለው ስልጆውን ነው። ሱፉን ወቅጠሽ በውኃ ካጠለልሽ በኋላ፣ በውኃው ላይ የባቄላ ዱቄት እየነሰነስሽ ላላ ያለ ገንፎ እስኪመስል አማስዪው፤ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ጨምረሽ ክደኚው። የኩታበር ብርድ መፍላቱን ስለሚያዘገየው አራት አምስት ቀን አስቀድመሽ ጀምሪው። ጠላውን ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ጠንስሺ፦ ጋኑን በወይራ አጥነሽ ጌሾውን በውኃ ትዘፈዝፊያለሽ፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ብቅሉና ቂጣው ይገባል፤ በመጨረሻ አሻሮው ተጨምሮ የጋኑ አፍ በጭቃ ይመረጋል። የተመረገውን ጋን ደረሰ አልደረሰ እያሉ የሚከፍቱ ሰዎች ጠላቸውን ያበላሻሉ።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በወሎ ደንብ እንዲህ ባለው ድግስ ስጠራ ኖሬያለሁ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት እኛን መጠበቅ ስለማይገባ የምሳውን ሰዓት ወደ ስምንት ሰዓት ግድም አድርጉት። ምግቡ የጾም ከሆነ የዕርድ ጉዳይ ስለማይነሣ ሁላችንም ከአንድ መሶብ እንበላለን፤ በእኔ አስተያየት ዓርብ መዋሉ መልካም አጋጣሚ ነው። መጠጡን ብቻ ለዩት፤ ጠላ የተቀዳበት ጣሳም ከእኛው ጋር አይቀላቀል። ቅሪቦ ለማዘጋጀት ገብሱን ጠቆር እስኪል ቆልቶ በውኃ ማፍላት፣ ሲቀዘቅዝ አጥልሎ ስኳርና ጥቂት እርሾ መጨመር፣ አሳድሮም በማግስቱ ማቅረብ ነው፤ ከቆየ ስለሚኮመጥጥና ስለሚያሰክር ሐሙስ ማታ ይሠራ። ቅዳሜ የምታርዱ ከሆነ አንዱን በግ ለአጎትዎ ያስረክቧቸው፤ እርሳቸው በቢላቸው ያርዱት፣ ድስቱም ከእርሳቸው ቤት ይምጣ።

መልስ፦ ከወልድያ

ሁለት ቀን መደገስ አላስፈላጊ ወጪ ነው፤ ማኅበርተኛው የሚፈልገው ጽዋውን፣ ዳቦውንና ጸሎቱን ነው። በጉን ትታችሁ ገንዘቡን ለጤፉና ለዘይቱ አውሉት።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጎቴን ካማከርኩ በኋላ ዓርብ በጾም ምግብ፣ ቅዳሜ ለቤተ ዘመድ ብቻ በሁለት በግ እንዲሆን ተስማምተናል። ድፎ ዳቦውን የምጠቀልልበት ኮባ ግን በአካባቢው አላገኘሁም፤ ምን ልተካ?

መልስ፦ ከሐይቅ

የሙዝ ቅጠል ይሆንሻል፤ እኛ ዘንድ ሞልቷል፣ ከቆላ የሚመጣ ሰው ካለሽ አስጭኚ። የመሐሉን ጅማት ልጠሽ እሳት ላይ ለብ አድርጊው፤ ያለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ሊጡ ወደ ምጣዱ ይፈስሳል። ለጽዋው የሚባረከውን ዳቦ ለብቻው ጋግሪ፤ ወተትም ቅቤም አይንካው።