ሳይክል ወይስ አሮጌ ቪትዝ? እስኪ ምከሩኝ

ሰላም ባህር ዳሮች፣ ግራ ገብቶኛል። ቤቴ ዘንዘልማ ነው፣ ሥራዬ ፖሊ አካባቢ። ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ ቆሜ እቀራለሁ፣ ሲመጣም ሞልቶ ነው። ከተማ ገብቼ ደግሞ ባጃጅ መያዝ አለብኝ፣ ማታማ ዋጋውን የፊቴን ድካም አይተው ነው የሚጠሩት።

አሁን እቁብ ወጣልኝ። ባለቤቴ «አሮጌ ቪትዝም ቢሆን እንግዛ፣ ልጁንም ትምህርት ቤት ታደርሰዋለህ» ትላለች። የእኔ ልብ ግን ሳይክል ላይ ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ያደግነውም በሳይክል ነው፣ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም የሳይክል መስመር አለው። መኪና ሲሆን ቤንዚኑ አለ፣ ሰልፉ አለ፣ ጋራዡ አለ፤ በዚያ ላይ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና መግዛቱ ያዋጣል ወይ?

የሚያስፈራኝ ክረምቱ ነው። የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ልጅ ከኋላ ጭኜ በጎንደር መንገድ ከጭነት መኪና ጋር ልጋፋ?

ከዘንዘልማ በሳይክል የምትመላለሱ ካላችሁ፣ ክረምቱን እንዴት ነው የምታልፉት? የኤሌክትሪክ ሳይክል የሞከረስ አለ? ባትሪው ደርሶ መልስ ይችላል? እባካችሁ እቁቡ እጄ ላይ ሳያልቅ መልሱልኝ።